ለወይዘሮ አሰገደች ማን ይፈርም

በአንድ ወቅት፣ የሰው ሕመም ከወረቀት ወጥቶ በኮምፒውተር ውስጥ መቀመጥ በጀመረበት ዘመን፣ ቆላ በር በምትባል ከተማ ወይዘሮ አሰገደች የተባሉ እናት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ያሳደጓቸው ሦስት ልጆች ሁሉም በከተማይቱ ብቸኛ ሆስፒታል ተቀጥረው ይሠሩ ስለ ነበር፣ ጎረቤት «እርስዎማ ምን አለብዎት፣ ሐኪም ቤቱ የእርስዎ ነው» ይላቸዋል። እርሳቸው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው አይፈታም። «ሦስቱም እዚያው ከሆኑ፣ እነርሱን የሚጠብቃቸው ማን ነው?» ብለው ይመልሱ ነበር። ጎረቤት ይሥቃል፤ እርሳቸው ግን ለሣቅ አልተናገሩትም።

የበኩር ልጃቸው መኩሪያ የካርድ ክፍል ኃላፊ ነበር። ስጦታው ትውስታ ነው። በሽተኛ በመስኮቱ ብቅ ሲል ቁጥሩን አይጠይቀውም፤ ፊቱን አይቶ በመደርደሪያዎቹ መካከል ይገባና ካርዱን ይዞ ይወጣል። ሕዝቡ ይህን ያደንቃል፤ ደግሞም ይፈራዋል፤ ካርድህን የሚያስታውስ ሰው በሽታህንም ያስታውሳልና። በቆላ በር ሠርግ ሲደገስ የሙሽራይቱ ዘመዶች መኩሪያ የተቀመጠበትን ቦታ በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር፤ ሙሽራው ሲገባ ፊቱ ይለወጥ እንደ ሆነ ለማየት። የመኩሪያ ፊት ግን በማንም ሠርግ ላይ ተለውጦ አያውቅም።

ሁለተኛይቱ ምንትዋብ ትባላለች። ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር በሚያዛውረው አዲስ ክፍል ትሠራለች። ስጦታዋ ጥንቃቄ ነው። ያየችውን ትጽፋለች፤ ያላየችውን አትጨምርም፤ የተጻፈውንም አታስቀርም። በሰልፍ የሚቆሙት ሴቶች ግን አዲሱን ክፍል የሚያዩት በጎሪጥ ነበር። «በወረቀቱ ጊዜ ጉዴን የሚያውቀው መኩሪያ ብቻ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ነው» ትላለች አንዷ። «አይዞሽ፣ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ በሽታሽም አብሮ ይጠፋልሻል» ትላታለች ከኋላዋ ያለችው።

የመጨረሻው ይርጋ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነው። ስጦታው እጁ ነው። ሌላው ፈልጎ ያጣውን የደም ሥር እርሱ በጣቱ ዳስሶ ያገኘዋል። በዓይኑ ያላየውንና በእጁ ያልዳሰሰውን አያምንም። «ወረቀቱንም የጻፈው ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩንም የሞላው ሰው ነው፤ ገላ ግን አይዋሽም» ማለት ያዘወትራል።

ሦስቱ በአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ዓይን ይጠብቃል። በዚያ ሰሞን የካርድ ክፍሉ ሲዘጋ የመዝገብ ኃላፊነቱ ከመኩሪያና ከምንትዋብ ለአንዳቸው ይሰጣል የሚል ወሬ ነበረ።

«መብራት የጠፋ ቀን እንገናኛለን» ይላታል መኩሪያ።

«ጋሼ፣ አንተ የታመምክ ቀን ካርድ የሚያወጣው ማን ነው?» ትለዋለች ምንትዋብ።

«ሁለታችሁም ስትታመሙ መምጫችሁ እኔ ዘንድ ነው» ይላል ይርጋ።

እናታቸው አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። ከሦስቱ ንግግር የትኛው ቀልድ፣ የትኛው ዛቻ እንደ ሆነ ለመለየት ይሞክሩ ነበር።

አሁን ነገሩ የተቋጠረበትን ልማድ ልንገራችሁ። በቆላ በር በየዓመቱ መዋጮውን የከፈለ ቤተሰብ የጤና መድን ደብተር ይሰጠዋል፤ በዚያም ዓመቱን ሙሉ ይታከማል። ያልከፈለ ሰው ሲታመም የጎረቤቱን ደብተር ይዋሳል። ደብተሩን ሲዋስ ስሙን ይዋሳል፤ ስሙን ሲዋስ በዚያ ስም የተከፈተውንም ካርድ ይዋሳል። ይህ ዣንጥላ ከመዋስ የከበደ ነገር ተደርጎ አይታይም ነበር። ሐኪሙ አንዲት ሴት የሚያክም ይመስለዋል፤ በካርዱ ላይ ግን የሁለት ሴቶች ገላ ይጻፋል።

ወይዘሮ አሰገደች ከብዙ ዓመታት በፊት የፔኒሲሊን መርፌ ተወግተው ጉሮሯቸው ተዘግቶ፣ ፊታቸው አብጦ፣ ለጥቂት ተርፈዋል። የዚያን ጊዜው ሐኪም ይህ መድኃኒት ዳግመኛ እንዳይሰጣቸው በካርዳቸው ላይ በቀይ ብዕር ጻፈ። ምንትዋብና ይርጋ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበሩ። እናቲቱም የመድኃኒቱን ስም አያውቁም፤ «አንድ መርፌ ጥሎኝ ነበር» ከማለት በቀር የሚሉት የላቸውም።

ቆይቶ የመኩሪያ አማት የወይዘሮ ዘርትሁን እግር ቆስሎ መረቀዘ። ሴትዮዋ የመድን ደብተር አልነበራቸውም። መኩሪያ የእናቱን ደብተር ከሣጥን አውጥቶ ሰጣቸው፤ ካርዱንም በገዛ እጁ አምጥቶ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እናቱን አልጠየቀም። «አሰገደች» ተብሎ ሲጠራ ወይዘሮ ዘርትሁን «አቤት» ብለው ገቡ። ሐኪሙ ቀዩን ጽሕፈት አየና «ፔኒሲሊን ጥሎዎት ያውቃል?» አላቸው። «ኧረ እኔን መርፌ ጥሎኝ አያውቅም» አሉት። ስለ ራሳቸው የተናገሩት እውነት ነበር። ሐኪሙ ጥቂት ሰጥቶ ጠበቀ፤ ምንም አልሆኑም። ሙሉውን ሰጣቸው፤ እግራቸውም ዳነ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በቀዩ ጽሕፈት ላይ መስመር አሳልፎበት ከሥሩ «ተሰጥቷት ተስማምቷታል» ብሎ ጻፈ።

መኩሪያ ያንን መስመር አይቷል። ቢናገር ከሥራው ይባረራል፤ አማቱም ይጠየቃሉ። ስለዚህ ዝም አለ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ እናቱ በታመሙ ቁጥር ካርዳቸውን ራሱ ይዞ እስከ ሐኪሙ በር ይሄዳል፤ «ፔኒሲሊን እንዳትሰጧት፣ አደራ» ብሎ ይመለሳል። ሐኪሞቹም ቃሉን ሰምተው ሌላ መድኃኒት ያዙላቸዋል። ወረቀቱ ተሳስቶ ነበር፤ ከተሳሳተው ወረቀት አጠገብ ግን አንድ ሰው ቆሞ ነበር።

ከዚያ ለውጡ መጣ። ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግባ፣ መደርደሪያው ይጽዳ፣ ወረቀቱም ታስሮ ከግቢው ይውጣ የሚል ትእዛዝ ወረደ። የወይዘሮ አሰገደች ካርድ ተራው ደርሶ ምንትዋብ እጅ ገባ። ገልጣ አየችውና ይዛው ወደ ወንድሟ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይህ የእማዬ ካርድ ነው?»

«ስሟን ማንበብ አቃተሽ?»

«ስሟንስ አነበብኩት። ያላመንኩት ክብደቱን ነው። እማዬ መቼ ነው ይህን ያህል የወፈረችው?»

«ያን ጊዜ የነበረው ሚዛን አሮጌ ነው።»

«ዕድሜዋንም የቀነሰላት ሚዛኑ ነው?»

«ምንትዋብ፣ እንዳለ ጻፊው። የተጻፈውን መጻፍ አይደል ሥራሽ?»

ተመልሳ ሄደች። አዲሱ መዝገብ ለመድኃኒቱ ያዘጋጀው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ወይ ይስማማታል፣ ወይ አይስማማትም። ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር አይቻልም። የኋለኛው ጽሕፈት የፊተኛውን ይሽራል የሚል መመሪያም ነበረ። ምንትዋብ እንደ መመሪያው አደረገች። ከገጹ ግርጌ ግን፣ ፈልጎ የከፈተው ብቻ በሚያነበው ማስታወሻ ላይ፣ «የዚህ መዝገብ ባለቤት አንድ ሰው መሆኗ ያጠራጥራል» ብላ ጻፈች። በዚያው ዕለት ማታ ከእናቷ ጋር ራት በላች፤ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ማስታወሻውን የጻፈችው እናቷን ለመጠበቅ ነው ወይስ በወንድሟ ላይ ማስረጃ ለማኖር? እርሷ ለእናቴ ነው ትላለች። ሌላ የሚያውቅ የለም።

መደርደሪያው የጸዳ ዕለት ደግሞ መኩሪያ የእናቱን ካርድ ከእስሩ መዝዞ በኮቱ ሥር ሸሸገና ወደ ቤቱ ወሰደው። ከሆስፒታል ካርድ ማውጣት ክልክል መሆኑን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። የወሰደው እናቱን የሚያድን ማስረጃ እንዳይጠፋ ነው ወይስ እርሱን የሚከስስ ማስረጃ እንዳይገኝ? እርሱ ለእናቴ ነው ይላል። ሌላ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ የካርድ ክፍሉን ሰው መጠበቅ ተዉ። የሚፈልጉትን ሁሉ ፊት ለፊታቸው ያዩታልና መኩሪያ ወደ በራቸው የሚሄድበት ምክንያት አልቀረለትም።

በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት የወይዘሮ አሰገደች ሆድ ነፍቶ፣ ያስመልሳቸው ጀመር፤ ጎረቤቶች በባጃጅ አድርገው አመጧቸው። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቶሎሳ ሆዳቸውን ዳሰሰና «አንጀታቸው ተጠምዝዟል፤ ሳይዘገይ መከፈት አለበት» አለ። ከመከፈቱ በፊት ግን የአንጀቱ መርዝ ወደ ደማቸው እንዳይገባ የሚከላከል መርፌ ያስፈልጋል። በዚያ ሰሞን በሆስፒታሉ መጋዘን የነበረው የፔኒሲሊን ዘር ብቻ ነበር፤ ሌላው የሚገኘው ከጎረቤት ከተማ ነው።

ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ አየ። ኮምፒውተሩ ይስማማታል ይላል።

«እማማ፣ መርፌ ጥሎዎት ያውቃል?»

«አንድ መርፌ ጥሎኛል» አሉ፣ ድምፃቸው ሊሰማ እስኪያቅት።

«የትኛው?»

«ነጩ።»

«እማማ፣ ሁሉም ነጭ ነው» አለና ፔኒሲሊኑን አዘዘ።

በዚህ ሰዓት ሦስቱ ልጆች ሦስት ነገር አደረጉ።

ምንትዋብ የእናቷ ስም ከድንገተኛ ክፍል ሲገባ በኮምፒውተሯ አየች። ሮጣ አልሄደችም። የእናቷን መዝገብ ከፍታ ቆለፈችው። የተቆለፈ መዝገብ መድኃኒት አይታዘዝበትም፤ መድኃኒት ቤቱም ትእዛዙን መለሰው። ዶክተር ቶሎሳ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ ማን እንደ ዘጋው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ደርሳ። «ይህ የአንድ ሰው መዝገብ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የማን እንደ ሆነ አላውቅም። የእርሷ ብቻ አለመሆኑን ነው የማውቀው።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

 የሐኪሙ ዓይን ከግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር።

መኩሪያ ወሬውን ሰምቶ ደረሰ፤ እንደ ድሮው ከበሩ ቆሞ «ፔኒሲሊን እንዳትሰጧት» አለ። «ኮምፒውተሩ ይስማማታል ይላል። እርስዎ በምን ያውቃሉ?» አለው ሐኪሙ።  መኩሪያ ዞሮ ከግቢው ወጣ፤ ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ነበርና ብዙ ሳይቆይ ካርዱን ይዞ ተመለሰ። ሐኪሞችና ነርሶች፣ አስታማሚዎችና በሽተኞች እየሰሙት ተናገረ። «ቀዩ ጽሕፈት የእናቴ ነው። ከሥሩ ያለው የአማቴ ነው። ስሟን ያዋስኩት እኔ ነኝ፤ ካርዱንም ከዚህ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ነው ትዝ ያለህ?» አለች ምንትዋብ።

«ዛሬ ነው የተናገርኩት» አላት።

ሐኪሙ ካርዱን ተቀብሎ ገለጠ። የትኛው ገጽ የማን እንደ ሆነ ጠየቀው፤ መኩሪያ አንድ በአንድ ለየለት። አንዱ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን የእናቱ አለ፣ ከዚያ የአማቱ አለ፣ ከዚያም እንደ ገና የእናቱ አለ።

«አንድ ጊዜ ዋሽተዋል፤ አንድ ጊዜ ሰርቀዋል» አለው ዶክተር ቶሎሳ። «ሦስተኛውን ቃልዎን በምን ልመነው?»

«እንዲያምኑኝ የሚያደርግ ነገር በእጄ የለም» አለ መኩሪያ።

ይርጋ በዚህ ጊዜ ከእናቱ ጋር በውስጠኛው ክፍል ነበር። የውጭውን ክርክር በበሩ ይሰማል። በክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቀደመው ሥራ የተረፈ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ነበረ፤ የእኅቱ ቁልፍ እዚያ አይደርስም። ወንድሙ እውነቱን ከተናገረ መድኃኒቱ ይገድላቸዋል፤ ወንድሙ እንደ ልማዱ ከዋሸ ደግሞ ያለው ብቸኛ መድኃኒት ያለ ምክንያት ይቀርባቸዋል። ማንንም አላስፈቀደም። በአንድ እጁ መድኃኒቱ ቢጥላቸው የሚመልሳቸውን የማዳኛ መርፌ አዘጋጅቶ፣ በሌላው ከብልቃጡ አንዲት ጠብታ ከእናቱ ክንድ ቆዳ ሥር ጨመረ።

ቆዳው ወዲያው ቀልቶ አበጠ። ቀጥሎ ከንፈራቸው ጠቆረ፤ ትንፋሻቸው እየጠበበ እንደ ፉጨት ሆነ። ይርጋ ማዳኛውን ወጋቸውና አየር ሰጣቸው፤ ትንፋሻቸውም ተመለሰ። ከዚያ በሩን ከፈተ።

«የጋሼ ወረቀት እውነት ነው» አለ።

«ማን ፈቀደልህ?» አለው ሐኪሙ።

«ማንም። እናንተ እስክትስማሙ አንጀቷ አይጠብቅም ነበር።»

«እኔ ዘግቼው ነበር» አለች ምንትዋብ።

«አንቺ የዘጋሽው ኮምፒውተሩን ነው።»

ጠብታዋን የጨመረው የእናቱን ገላ ለመጠየቅ ነው ወይስ ከወረቀቱም ከኮምፒውተሩም የእርሱ እጅ እንደሚበልጥ ለማሳየት? እርሱ ለእናቴ ነው ይላል። ሌላ የሚያውቅ የለም።

አምቡላንስ ሌላውን መድኃኒት ለማምጣት ወደ ጎረቤት ከተማ ከነፈ፤ ሐኪሙም ሳይጠብቅ ሆዳቸውን ከፈተ። ወይዘሮ አሰገደች ዳኑ። ነገር ግን ከአንጀታቸው የሞተው ተቆርጦ ወጥቶ፣ የቀረው ጫፍ በሆዳቸው ላይ ተከፈተ፤ አቅም ሲያገኙ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ወደ ቦታው ሊመለስ። መኩሪያ ከሥራው ታገደ። ምንትዋብና ይርጋ በጽሑፍ ተወቀሱ።

እናቲቱ አቅማቸው ሲመለስ ሦስቱን ከአልጋቸው ግርጌ አቁመው ጠየቋቸው።

«ስሜን ለአማትህ ስታውስ ለምን አልጠየቅከኝም?» አሉት መኩሪያን።

«ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር፣ እማዬ።»

«እሺ የምልህ ከሆነ ለምን አልጠየቅከኝም?»

 «ከዚያ ወዲህ በመጣሽ ቁጥር እስከ ሐኪሙ በር አልሸኘሁሽም?» አለ መኩሪያ።

«ሸኝተኸኛል። እኔ የፍቅር መስሎኝ ነበር።»

ወደ ምንትዋብ ዞሩ። «አንቺስ፣ በአንድ ማዕድ ስንበላ ከርመናል። እማዬ፣ ይህች ወፍራም ሴት አንቺ ነሽ ወይ ለማለት ምን ያዘሽ?»

«ጋሼን ያጋለጥኩ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው። ዝም ግን አላልኩም፤ ማስታወሻ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለሚያነበው።»

«ማን አነበበው?»

 ወይዘሮ አሰገደች ይርጋን ተመለከቱት።

«ስትወጋኝ ትሞታለች ብለህ አልፈራህም?»

«ፈርቻለሁ። ማዳኛውን ይዤ ነበር።»

«ማዳኛው ባይሠራስ?»

«መድኃኒት ሳታገኚ ብትከፈቺም አደጋ ነበረው። እንድጠይቅሽ መናገር አልቻልሽም ነበር።»

«ራሴን መነቅነቅ እችል ነበር» አሉት።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ዘርትሁን ይቅርታ ሊለምኑ መጡ፤ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። «ስም ተጠራ፤ አቤት አልኩ። ሌላ ምን አደረግሁ፣ እመት አሰገደች?» አሉ።

«የተጠራው ስምሽ አልነበረም።»

«እሱስ ልክ ነዎት።» ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ከሦስቱ ማንን ልመን ቢሉኝ መኩሪያን እልዎታለሁ። እርሱ የዋሸው የት ላይ እንደ ሆነ ያውቀዋል» አሉ።

«አማት ለአማቿ ትመሰክራለች» አሉ ወይዘሮ አሰገደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ።

የሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ቀን ሲቃረብ ዶክተር ቶሎሳ አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። ፊርማ ገና በወረቀት ላይ ነበር።

«አሮጌውን መዝገብ ሰርዘነዋል፤ አዲስ እንከፍትልዎታለን» አላቸው። «የፔኒሲሊኑን ነገር አሁን ራስዎ ያውቁታል። ሌላ ምን እንደ ተቀላቀለ ግን አናውቅም። የትኛው ሕመም የእርስዎ፣ የትኛው የሌላዋ እንደ ነበር አንድ ሰው ይነግረናል። ተኝተው ሳሉ ያልታሰበ ነገር ቢገጥመኝም የምጠይቀው እርሱን ነው፤ የሚፈርመውም እርሱ ነው። አንድ ሰው ብቻ። ሦስቱ በር ላይ ሲከራከሩ ዳግመኛ ቢላ ይዤ አልቆምም።»

«ማንንም ባልጽፍስ?»

«እንግዲያው መዝገቡ ይናገርልዎታል።»

«በመዝገቡ ላይ ምን አለ?»

«ለጊዜው ስምዎ ብቻ ነው ያለው።»

ነገሩ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቶ በቆላ በር ተሰማ፤ በሰልፍ የቆሙት ሴቶችም ተከፋፈሉበት። መኩሪያ ይፈርም ያሉት፣ የሁለቱን ሴቶች ገጽ የሚለይ ከእርሱ በቀር የለም፤ እንጀራውንም በሰው ፊት ለእናቱ ጥሏል አሉ። ሌሎቹ መለሱ፦ የተሳሳተውን ያመጣው ማን ሆነና፤ ደግሞስ በአንዱ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ቃሉን አልለወጠም? ምንትዋብ ትፈርም ያሉት፣ እርሷ ባትቆልፈው ኖሮ የወንድሟ ኑዛዜም የታናሿ እጅ ጥበብም ከቀብር በኋላ ይደርስ ነበር አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ቁልፉን ያዘገየችው ለምንድን ነው፤ ያወቀችውን ሁሉ ማንም በማያነበው ቦታ የምታኖር ሰው ተኝቼ ሳለሁ ምን ትለኛለች አሉ። ይርጋ ይፈርም ያሉት፣ ሁለቱ ስለ ጽሕፈት ሲነታረኩ የእናቱን ገላ የጠየቀ እርሱ ብቻ ነው፤ እውነቱንም ያረጋገጠው እርሱ ነው አሉ። አንዲት አሮጊት ግን «እውነቱን ያገኘው የእናቱን ትንፋሽ አስይዞ ነው። ወንድሙን ቢያምነው ኖሮ ጠብታዋ ምን ታደርግ ነበር?» አሉ። 

ሦስቱ ልጆች በዚያ ሰሞን በየተራ እየመጡ እናታቸውን ይጠይቃሉ። መኩሪያ የድሮ ሕመማቸውን ሳይጠየቅ ይቆጥርላቸዋል። ምንትዋብ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። ይርጋ የሆዳቸውን ቁስል ያጥብላቸዋል፤ እጁ አያሳምማቸውም። እናቲቱ ሦስቱንም ይመርቃሉ፤ ሦስቱንም በዓይናቸው እስከ በሩ ይከተላሉ።

ቀኑ ደረሰ። ተሸካሚዎቹ አልጋውን ሊገፉ ቆመዋል። ሦስቱ ልጆች ከግድግዳው ተጠግተው ይመለከታሉ። ዶክተር ቶሎሳ ወረቀቱን በእናቲቱ ጉልበት ላይ አኑሮ ብዕሩን አቀበላቸው። በአጠገባቸው ባለው ኮምፒውተር ላይ ስማቸው ብቻ ተጽፎ ይታያል፤ ከሥሩ ባዶ ነው።

ወይዘሮ አሰገደች ብዕሩን ይዘው ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። እኔ ልነግራችሁ የምችለው እስከዚህ ነው። አንዱ ዋሽቶ ጠበቃቸው፤ አንዷ እውነቱን ጽፋ ደበቀችው፤ አንዱ እውነቱን ሊያገኝ ትንፋሻቸውን አስያዘው። አንዳቸው ቢጎድል ደግሞ ዛሬ ብዕር የሚይዝ እጅ አይኖርም ነበር። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ በዚያ አልጋ ላይ የተኛችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ዓይናችሁ ከመከደኑ በፊት በወረቀቱ ላይ የማንን ስም ትጽፉ ነበር? ወይስ ባዶውን ትታችሁት መዝገቡ ይናገር ትሉ ነበር?